ሰነዱን ማሽን ከጻፈው ለፕሮዳክት ማናጀር ምን ሥራ ቀረው?

እ.ኤ.አ. በ2023 አጋማሽ ኤርቢኤንቢ የተባለው የማረፊያ ቤት ማከራያ ድረ ገጽ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ብራያን ቼስኪ፣ ፊግማ የተባለው የዲዛይን ሶፍትዌር ኩባንያ ባዘጋጀው ጉባኤ ላይ፣ ኩባንያቸው በተለመደው መልኩ የሚታወቀውን ፕሮዳክት ማኔጅመንት፣ ማለትም አንድ ምርት ምን መሆን እንዳለበት የሚወስነውን የሥራ ዘርፍ፣ ማስቀረቱን ሲናገሩ አዳራሹ በጭብጨባ ተሞላ። ንግግሩ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲዘዋወር «ፕሮዳክት ማናጀር የሚባል ሥራ አበቃለት» ወደሚል ወሬ ተለወጠ። ቼስኪ ያብራሩት ግን ሌላ ነበር፤ ሥራው ምርቱን ለገበያ ከማቅረብ ኃላፊነት ጋር እንዲዋሐድ ተደረገ እንጂ የሚወስነው ሰው አልጠፋም።

ያ ወሬ ሳይጠራ ሌላ ተጨመረበት። ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 2022 ለሕዝብ ከተለቀቀ ወዲህ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ያጠቃልላሉ፣ የደንበኞችን ቅሬታ በዓይነት ይለያሉ፣ የምርት መግለጫ ሰነድ ያረቃሉ፣ በሰዓታት ውስጥም የሚነካ የሙከራ ገጽ ይሠራሉ። ከዚህ ተነሥቶ አንዱ ወገን «ሥራው ሊጠፋ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «መሥራት ከረከሰ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ይወደዳል፤ ስለዚህ ሙያው ገና ሊፈለግ ነው» ይላል። ወደ ሙያው ለመግባት የሚያስብ ሰው በሁለቱ መካከል ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ስም የሚጠሩት ሁለት የተለያየ ሥራ ነው፦ አንዱ ሰነድ መጻፍ፣ ሌላው መወሰን።

አንድ ስም፣ ሦስት የዘር ሐረግ

ሙያው በብዙዎች ዘንድ የሚቆጠረው በፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ኩባንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ሜይ 13 ቀን 1931 ከተጻፈ የውስጥ ማስታወሻ ጀምሮ ነው። ጸሐፊው ኒል ማኬልሮይ በካሜይ ሳሙና ማስታወቂያ ላይ ይሠራ ነበር፤ ካሜይ ደግሞ አይቮሪ በተባለው የዚያው ኩባንያ ሳሙና ተሸፍኖ ቀርቶ ነበር። ማኬልሮይ የጠየቀው ለእያንዳንዱ ምርት ሙሉ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው እንዲመደብ ነው፤ ሽያጩ የት እንደደራና የት እንደደከመ የሚከታተል፣ ምክንያቱን ቦታው ድረስ ሄዶ የሚያጠና፣ መፍትሔ አቅርቦ ውጤቱን የሚለካ ሰው። ይህ የመጀመሪያው ሐረግ ከገበያ የመጣ ነው።

ሁለተኛው ከሶፍትዌር ቤት የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ማይክሮሶፍት «ፕሮግራም ማናጀር» የሚል የሥራ መደብ ፈጠረ፤ ሥራውም በፕሮግራም ጸሐፊዎችና በተጠቃሚው መካከል ቆሞ ሶፍትዌሩ ምን ማድረግ እንዳለበት በዝርዝር መጻፍ ነበር። ሦስተኛው ሐረግ ስክረም ከሚባለው የቡድን አሠራር የመጣው «ፕሮዳክት ኦውነር» ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 አሥራ ሰባት የሶፍትዌር ባለሙያዎች ሶፍትዌርን በትንንሽ እርከን እየሠሩ ማሻሻልን የሚደግፈውን የአጃይል መግለጫ ካወጡ በኋላ ይህ አሠራር በስፋት ተሠራጨ። ፕሮዳክት ኦውነር ባክሎግ የሚባለውን፣ ማለትም ሊሠሩ የታሰቡ ሥራዎችን ዝርዝር፣ በቅደም ተከተል ያስቀምጣል።

የሥራ ማስታወቂያዎች እርስ በርስ የማይመሳሰሉት ከዚህ የተነሣ ነው። ሦስቱም «ፕሮዳክት ማናጀር» እየተባሉ አንዱ ገበያ የሚያውቅ፣ ሌላው ቴክኒክ የሚያውቅ፣ ሦስተኛው ዝርዝር የሚያስተካክል ሰው ይፈልጋሉ። ከፕሮጀክት ማናጀር ጋር የሚፈጠረው መምታታትም አለ። ፕሮጀክት ማናጀር የተወሰነው ሥራ በተባለው ቀንና በጀት እንዲያልቅ ይጠብቃል። ፕሮዳክት ማናጀር የሚጠየቀው ሥራው መጀመሪያውኑ መሠራት ነበረበት ወይ፣ ከተሠራ በኋላስ የሰዎቹ ችግር ቀለለ ወይ ተብሎ ነው።

ልዩነቱን ለማየት ክዊቢን መመልከት ይበቃል። ለስልክ ብቻ የተዘጋጁ አጫጭር ቪዲዮዎችን የሚያቀርበው ይህ ኩባንያ 1.75 ቢሊዮን ዶላር አሰባስቦ በኤፕሪል 2020 ሥራ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር መዘጋቱን አስታወቀ። መተግበሪያው ተሠርቷል፣ ለገበያ ቀርቧል፣ ታዋቂ ሰዎች የሠሩባቸው ዝግጅቶችም ነበሩት። መሥራቾቹ ራሳቸው ሲሰናበቱ ሁለት ምክንያት ጠቀሱ፦ ወይ ሐሳቡ ብቻውን ለመቆም በቂ አልነበረም፣ ወይ ጊዜው አልገጠመም። በመንገድ ላይ እንዲታይ የታሰበ ነገር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሰው ሁሉ ቤቱ በተቀመጠበት ወር መውጣቱ በእርግጥ ጎድቶታል። ይሁንና ሲጀመር በቴሌቪዥን ማየት አለመቻሉና ከስክሪን ላይ ምስል ቀርጾ ለወዳጅ መላክ መከልከሉ የወረርሽኙ ጥፋት አይደለም፤ የምርት ውሳኔ ነው።

ሲሠራ የሚውለው ምንድን ነው?

በሙያው በተለመደው ክፍፍል አንድ ምርት አራት ስጋቶች አሉበት። ሰው ይፈልገዋል ወይ? ሲያገኘው መጠቀም ይችላል ወይ? ባለን ሰውና ጊዜ መሥራት ይቻላል ወይ? ለድርጅቱስ በገንዘብ፣ በሕግና በስም ረገድ ያዋጣል ወይ? ሁለተኛውን በዋናነት ዲዛይነሩ፣ ሦስተኛውን መሐንዲሱ ይሸከማሉ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው የፕሮዳክት ማናጀሩ ናቸው። ሰነድ፣ ሮድማፕ የሚባለው የሥራ አቅጣጫ ካርታና ስብሰባ የእነዚህ ጥያቄዎች መመለሻ መሣሪያዎች ናቸው። መሣሪያውን እንደ ሥራ የቆጠረ ሰው ነው ዛሬ ቦታው የሚያሰጋው።

ተጠቃሚን ማነጋገር፦ ቀላል የሚመስለው ከባዱ ችሎታ

«ይህን ብንሠራ ትጠቀምበታለህ?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው ብዙውን ጊዜ «አዎ» ይላል። ውሸት መናገሩ አይደለም፤ ይሉኝታ አለ፣ ነገን መገመትም ለማንም ከባድ ነው። ስለዚህ ጠያቂው ወደፊት ሳይሆን ወደኋላ ይጠይቃል፦ «ይህ ችግር ለመጨረሻ ጊዜ የገጠመህ መቼ ነው? ያን ቀን ምን አደረግህ? ከዚያስ? ለማን ደወልህ? ምን ያህል ጊዜ ወሰደብህ?» ሰውየው ችግሩን ለመፍታት ገንዘብ፣ ጊዜ ወይም ድካም ካላወጣበት፣ በአንደበቱ የቱንም ያህል ቢያማርር ችግሩ ለእሱ ቀላል ነው ማለት ነው።

በተግባር ለአንድ ዓይነት ተጠቃሚ ከ5 እስከ 8 ቃለ መጠይቅ፣ እያንዳንዱ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፣ ጥሩ መነሻ ነው። ሁለት ሰው ይገኛል፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ቃል በቃል ይመዘግባል። ማስታወሻው በዚያው ቀን ይጠራል፤ በአንድ ዓምድ ሰውየው ያለው፣ በሌላው ጠያቂው የተረዳው ይጻፋል። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ከሁለት ሳምንት በኋላ ማንም ሊለያቸው አይችልም። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚጠቃለል ማስታወሻ ትልቁ አደጋም ይኸው ነው፤ ማጠቃለያው የሚያምር ሆኖ ዝምታውን፣ ማመንታቱንና «እሱ እንኳ ያን ያህል አይደለም» የሚለውን ቃል ይጥለዋል። ውሳኔ የሚያስቀይረው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

በብዛት የሚበላሸው ግን ከጥያቄው በፊት፣ በሰው መረጣ ላይ ነው። ለማግኘት የሚቀሉት ምርቱን የሚወዱ ደንበኞች ናቸው። ሞክረው የተዉት አይመጡም፤ ምክንያቱን የሚያውቁት ግን እነሱ ናቸው። ከአምስት ተጠያቂ ቢያንስ ሁለቱ ከተዉት መካከል እንዲሆኑ ማድረግ ከማንኛውም የጥያቄ ስልት ይበልጣል።

የአጠቃቀም ፈተና የተለየ ነገር ነው። እዚያ ሰውየው ሥራ ተሰጥቶት ሲሠራ ይታያል፣ አይመከርም። «አምስት ሰው ይበቃል» የሚለው የታወቀ አነጋገር የመጣው የአጠቃቀም ጥናት ባለሙያው ጃኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 ካስረዳው ስሌት ነው፦ አንድ ተሳታፊ በአማካይ 31 በመቶ ችግሮችን ካሳየ፣ አምስቱ 85 በመቶ ያህሉን ያሳያሉ። ስሌቱ ችግር ለማግኘት የወጣ ነው፤ «ከአምስቱ ሦስቱ ስለተቸገሩ 60 በመቶ ተጠቃሚ ይቸገራል» ለማለት አያገለግልም። ይህ ስሕተት በሪፖርቶች ላይ ደጋግሞ ይታያል።

ቁጥር የሚያታልለው የት ላይ ነው?

ለጀማሪ ከሁሉ የሚጠቅመው ቁጥር ሪቴንሽን ነው፤ ማለትም አንድ ጊዜ የመጣ ሰው ተመልሶ የመምጣቱ ልክ። የሚለካው በኮሆርት፣ በአንድ ሳምንት የተመዘገቡትን ሰዎች እንደ አንድ ቡድን ለብቻ በመከታተል ነው። ከ1,000 ተመዝጋቢዎች በመጀመሪያው ሳምንት 400፣ በአራተኛው 220፣ በስምንተኛው 210 ከተመለሱ መስመሩ ጠፍጣፋ ሆኗል፤ ምርቱ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች አሉ። 400፣ 150፣ 40 እያለ የሚወርድ ከሆነ ግን ወደ ዜሮ እየሄደ ነው። በሁለቱም ሁኔታ ማስታወቂያ እስከተገዛ ድረስ ጠቅላላው የተመዝጋቢ ቁጥር ያድጋል። ባልዲው ቢቀደድም ቧንቧው እስከተከፈተ ድረስ ሙሉ ይመስላል።

ለዚህ ኤስኪውኤል የሚባለውን የመረጃ ቋት መጠየቂያ ቋንቋ ማወቅ ይጠቅማል፤ ያውም በጥልቀት አይደለም። ረድፍ መርጦ ማውጣት፣ ሁለት ሠንጠረዥ ማጣመር፣ በቡድን ከፍሎ መቁጠር፣ በቀን ማጣራት። በሳምንት አምስት ሰዓት ለሚመድብ ሰው ከሁለት ወር ያልበለጠ ሥራ ነው። ቁጥር ሁልጊዜ ከሌላ ሰው ለምኖ የሚያገኝ ማናጀር፣ ሁለተኛውን ጥያቄ ሳይጠይቅ መቅረቱ የተለመደ ነው።

ኤ/ቢ ሙከራ፣ ማለትም ተጠቃሚን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ሁለት ዓይነት ገጽ በማሳየት ማወዳደር፣ ከአቅሙ በላይ ይወደሳል። አሁን ከመቶ ጎብኚ 5ቱ የሚገዙ ከሆነና ወደ 6 ማደጉን በተለመደው የእርግጠኝነት ልክ ለመለየት ከተፈለገ፣ በእያንዳንዱ ወገን 8,000 ያህል ሰው ያስፈልጋል። ከ5 ወደ 5.5 ከሆነ 31,000 ያህል። በቀን 500 ጎብኚ ላለው ምርት የመጀመሪያው ከአንድ ወር በላይ፣ ሁለተኛው አራት ወር ይፈጃል። ብዙ ቡድኖች ይህን ሳያሰሉ ይጀምሩና ቁጥሩ ደስ ባሰኛቸው ቀን ያቆማሉ። በየቀኑ እያዩ በተመቸ ቀን ማቆም ደግሞ በአጋጣሚ የመጣን ልዩነት እንደ ድል ያስቆጥራል። ተጠቃሚው ጥቂት ከሆነ ሙከራውን ትቶ አሥር ሰው ማነጋገር ይሻላል።

መለኪያ ግብ ሲሆን ደግሞ ራሱ ይበላሻል። በአሜሪካ የዌልስ ፋርጎ ባንክ ሠራተኞች ለአንድ ደንበኛ ብዙ አገልግሎት እንዲሸጡ ኮታ ተጥሎባቸው ስለነበር፣ ደንበኞች ያልፈቀዱትን ሒሳብ እስከ መክፈት ደረሱ፤ ባንኩ እ.ኤ.አ. በ2016 በተቆጣጣሪዎች 185 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ተጣለበት። መድኃኒቱ ከዋናው መለኪያ ጎን ጠባቂ መለኪያ ማቆም ነው። የሒሳብ ብዛት ከተለካ፣ ከተከፈተ በኋላ ሥራ ላይ ያልዋለው ሒሳብና የደንበኛ አቤቱታ አብረው ይለካሉ።

ቅደም ተከተል ማውጣትና የቀመር ወጥመድ

የሚሠራው ብዙ፣ የሚሠራው ሰው ጥቂት ነው። ለዚህ በስፋት የሚጠቀሰው ኢንተርኮም ከተባለ የሶፍትዌር ኩባንያ የወጣው ራይስ የሚባል ቀመር ነው፦ የሚደርሳቸው ሰዎች ብዛት፣ ሲባዛ በተጽዕኖው መጠን፣ ሲባዛ በእርግጠኝነታችን፣ ሲካፈል በሚወስደው ጉልበት። ተጽዕኖ ከ0.25 እስከ 3 ይሰጠዋል፤ ጉልበት በአንድ ሰው የወር ሥራ ይቆጠራል።

ለምሳሌ ሥራ «ሀ» በሩብ ዓመት ለ2,000 ሰው ይደርሳል፣ ተጽዕኖው 1፣ እርግጠኝነቱ 80 በመቶ፣ ጉልበቱ 4 ወር ነው፤ ውጤቱ 400። ሥራ «ለ» ለ500 ሰው ይደርሳል፣ ተጽዕኖው 3፣ እርግጠኝነቱ 50 በመቶ፣ ጉልበቱ 1 ወር ነው፤ ውጤቱ 750። «ለ» በግልጽ ያሸነፈ ይመስላል። ነገር ግን የ«ለ» ጉልበት 2 ወር ሆኖ ቢገኝ ውጤቱ ወደ 375 ወርዶ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። በሶፍትዌር ሥራ ደግሞ ግምት እጥፍ መሆኑ ብርቅ አይደለም። እንግዲህ ቀመሩ የሚጠቅመው መልስ በመስጠት ሳይሆን፣ ውሳኔው በየትኛው ግምት ላይ እንደተንጠለጠለ በማሳየት ነው። እዚህ ላይ ብልህ እርምጃ የሚሆነው አንድ መሐንዲስ ለሁለት ቀን «ለ»ን እንዲመረምር ማድረግ ነው። ቀመሩን ለማስመሰያ የሚጠቀሙ ግን አሉ፤ ሥራ አስፈጻሚው የወደደውን ሐሳብ ላይ ለማውጣት ተጽዕኖውን ከ1 ወደ 3 ያሳድጉና «ስሌቱ ያለው ነው» ይላሉ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚወስደውና የሚጨምረው

ጥሩ የምርት ሰነድ በአንድና ሁለት ገጽ ያልቃል፦ ችግሩ፣ የማን እንደሆነ፣ ማስረጃው፣ የሚለካበት ቁጥር፣ ሆን ተብሎ የተተወው፣ ካልሠራ እንዴት እንደሚመለስ። ይህን ቅርጽ ማሽን በደቂቃ ይሞላዋል። ጉዳቱም ይሞላዋል ማለቱ ላይ ነው፤ ማስረጃ ባልነበረበት ቦታ አሳማኝ ዓረፍተ ነገር ይቀመጣል። ድሮ ባዶ ቦታው ራሱ «ይህን አናውቅም» ይል ነበር። መከላከያው ቀላል ሆኖ ትዕግሥት ይጠይቃል፦ በሰነዱ ያለ እያንዳንዱን አባባል አስምሮ «ይህ ከየት መጣ?» ማለት። ምንጭ የሌለው ወይ ይሰረዛል፣ ወይ «ግምት» ተብሎ ይጻፋል።

በፍጥነት የሚሠራ ፕሮቶታይፕ፣ ማለትም የሙከራ ናሙናም፣ እንዲሁ ነው። አንድን ሐሳብ ለተጠቃሚ ለማሳየት ከዚህ በፊት ሳምንታት ይወስድ የነበረው ዛሬ በአንድ ከሰዓት ያልቃል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን የሚሠራ ነገር ስክሪን ላይ ሲታይ «ይቻላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ሲመለስ፣ «ይፈለጋል ወይ?» የሚለውም አብሮ የተመለሰ ይመስላል።

አዲስ የመጣ ችሎታም አለ። ቻትጂፒቲን በመሰለ የቋንቋ ሞዴል ላይ የተመሠረተ ምርት ለአንድ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ሁለት ዓይነት መልስ ሊሰጥ ስለሚችል፣ «ተፈትኖ አልፏል» የሚለው የቆየ አነጋገር አይበቃውም። ፕሮዳክት ማናጀሩ ከ50 እስከ 100 እውነተኛ ጥያቄዎችን ይሰበስባል፣ ጥሩ መልስ ምን እንደሆነ በጽሑፍ ያስቀምጣል፣ ሁለት ሰዎች ለየብቻ እንዲያርሙ ያደርጋል። ሁለቱ አራሚዎች ካልተስማሙ ችግሩ ከሞዴሉ በፊት በመስፈርቱ ላይ ነው። ስሕተቶቹም በክብደት ይለያሉ፤ በሰላምታ ላይ መሳሳትና በክፍያ መጠን ላይ መሳሳት በአንድ «95 በመቶ ትክክል» ውስጥ መደባለቅ የለባቸውም።

እንግዲህ ከሁለቱ ወገኖች የቱ ልክ ነው? ሙያው በጠቅላላ ይጠፋል የሚለው ኃላፊነትንና ጽሕፈትን ያደባልቃል፤ ውሳኔው ሲከሽፍ የሚጠየቅ ሰው ሁልጊዜ ያስፈልጋል። «ገና ሊፈለግ ነው» የሚለው ደግሞ አንድ እውነት ይዘላል፤ ሲወስኑ የኖሩት ይፈለጉ ይሆናል፣ ጀማሪው ግን በሩ ጠብቦበታል። ጀማሪ ሙያውን የሚማረው ቃለ ጉባኤ እየያዘ፣ ቅሬታ እየለየ፣ የሥራ ትእዛዝ እየጻፈ ነበር። ማሽኑ መጀመሪያ የወሰደው ይህን ነው። ይህ በቁም ነገር ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ነው፤ ዛሬ ጀማሪ ያልቀጠረ ድርጅት የነገውን ልምድ ያለው ሰው ከየት እንደሚያመጣ አላሰበበትም።

መግቢያውና የውሳኔ መዝገብ

ጉግል እ.ኤ.አ. በ2002 በወቅቱ ሠራተኛው በነበረችው በማሪሳ ሜየር አነሣሽነት አዲስ ተመራቂዎችን በቀጥታ የሚያሠለጥን መርሐ ግብር ጀምሮ ሌሎችም ተከትለውታል፤ ቦታዎቹ ግን ጥቂት ናቸው። የሚበዛው ሰው የሚገባው ከጎን ነው፦ ከደንበኛ ድጋፍ፣ ከምሕንድስና፣ ከዲዛይን፣ ከጥራት ፍተሻ፣ ከመረጃ ትንተና። ባሉበት ድርጅት ውስጥ መሻገር ከውጭ ከመግባት ይቀላል፤ ምርቱንና ደንበኛውን አስቀድሞ ማወቅ በሥልጠና የማይገዛ ነገር ነውና። ከድጋፍ ክፍል የሚመጣ ሰው በተለይ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ በስሕተት። የምስክር ወረቀት ቃላቱን ያስተምራል፤ ከዚያ አልፎ ብዙ አይጠበቅበትም።

ከቃላቱ በላይ የሆነው ፍርድ ሲሆን፣ ፍርድ የሚያድገው ደግሞ ከውጤት ጋር ሲነጻጸር ብቻ ነው። ለዚህ የውሳኔ መዝገብ መያዝ ያስፈልጋል። ሥልጣን እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም፤ የሌሎችን ውሳኔም መመዝገብ ይቻላል። አንድ ግቤት ከግማሽ ገጽ አይበልጥም፦ ቀኑ፣ የተወሰነው፣ የቀረቡ ሌሎች አማራጮች፣ የነበረው ማስረጃ፣ የሚጠበቀው ውጤት በቁጥር፣ እርግጠኝነት በመቶኛ፣ የሚታይበት ቀን። «አጠቃቀሙ ይሻሻላል» አይበቃም፤ «በስድስት ሳምንት ውስጥ ምዝገባውን የሚጨርሱት ከ40 ወደ 50 በመቶ ይደርሳሉ፣ እርግጠኝነቴ 80 በመቶ» መባል አለበት። ቀኑ ሲደርስ ውጤቱ ከሥሩ ይጻፋል፤ የመጀመሪያው ጽሑፍ አይነካም።

እርግጠኝነታቸው 80 በመቶ የነበሩ 20 ግቤቶች ሲሞሉ 16 ያህሉ መሳካት ነበረባቸው። 14 ከሆኑ የአጋጣሚ ሊሆን ይችላል። 11 ብቻ ከሆኑ ሰውየው ከሚያውቀው በላይ እርግጠኛ ነው፤ በራይስ ላይ የሚያስቀምጠው መቶኛም መውረድ አለበት። ከዚያ የከሸፉት ለየብቻ ይነበባሉ፦ ማስረጃው ቀጭን ነበር? ጉልበቱ ተሳስቶ ተገምቶ ነበር? ወይስ ችግሩ ያን ያህል የሚያም አልነበረም? አብዛኛው ሰው ደጋግሞ የሚሳሳተው በአንዱ ላይ ነው፤ የሚቀጥለው የሥልጠና ዓመት በዚያ ላይ ይውላል።

መዝገቡ ለቅጥር ቃለ መጠይቅም ያገለግላል። በቃለ መጠይቅ በብዛት የሚያስወድቀው ጥያቄው ሳይገባ ወደ መፍትሔ መሮጥ ነው፤ «ለማን? ምን እያደረገ ሳለ? ምን ቢሆን ተሳካ እንላለን?» ብሎ የማይጀምር መልስ ብልጭ ቢልም አይዘልቅም። በመዝገብ ውስጥ ያለፈ ሰው ይህን ቅደም ተከተል ለምዶታል፤ የከሸፈበትንም ከነምክንያቱ መናገር ይችላል።

አመልካቹም በተራው ይጠይቅ። ማስታወቂያው የሚወስን ሰው ወይስ ዝርዝር የሚያስተካክል ሰው እንደሚፈልግ የሚያሳውቅ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ባለፈው ዓመት ለመሥራት ታስቦ እንዲቀር የተደረገ ነገር ምንድን ነው? ማን ወሰነው? በምን ማስረጃ?» መልሱ የፕሮዳክት ማናጀር ስምና አንድ ቁጥር ካለበት ቦታው የሚወስን ሰው ይፈልጋል። የቀረ ነገር ከሌለ፣ ወይም ሁሉም የቀረው ከላይ በመጣ ትእዛዝ ከሆነ፣ የሚፈለገው ዝርዝር የሚያስተካክል ሰው ነው።